ከጦር ሰፈር ወደ ምርጫ ሣጥን፦ የጋናው ጄሪ ሮውሊንግስ የሥልጣን ጉዞ

በሃያኛው ምዕተ ዓመት ሁለተኛ አጋማሽ የጦር መኮንኖች በአፍሪካ የመንግሥትን ሥልጣን የያዙበት ጊዜ ብዙ ነው። መኮንኖቹ ሥልጣን በያዙበት ዕለት በራዲዮ የሚያነቡት መግለጫም ከአገር አገር እምብዛም አይለያይም፤ የተበላሸውን አስተካክለው በአጭር ጊዜ ውስጥ ወደ ጦር ሰፈራቸው እንደሚመለሱ ይናገራሉ። ቃላቸውን የጠበቁት ግን ጥቂቶች ናቸው። «የነብርን ጅራት አይዙም፤ ከያዙም አይለቁም» እንደሚባለው፣ በኃይል የተያዘ ሥልጣን ለያዘውም ሰው እንቅልፍ የሚነሣ ነገር ነው። ቢለቁት በቀልን ያስከትላል፤ ባይለቁትም ሌላ መኮንን ያስነሣል።

ከዚህ ወጥመድ ለመውጣት ከተሞከሩት መንገዶች አንዱ፣ መኮንኑ የደንብ ልብሱን አውልቆ እንደ ማንኛውም ዜጋ በሕዝብ ፊት ለምርጫ መወዳደሩ ነው። ይህ መንገድ ከባድ ጥያቄ ያስነሣል። በጠመንጃ የተጀመረ አገዛዝ በድምፅ መስጫ ወረቀት ሕጋዊ ሊሆን ይችላልን? ወይስ ምርጫው የቀድሞው ሥልጣን የሚለብሰው አዲስ ካባ ብቻ ነው? ለዚህ ጥያቄ የጋና ታሪክ ጥሩ መመርመሪያ ይሆናል። የጋናው መሪ ጄሪ ጆን ሮውሊንግስ ሁለት ጊዜ በጦር ኃይል፣ ሁለት ጊዜ ደግሞ በምርጫ ሥልጣን ይዘው፣ በመጨረሻ በሕግ በተወሰነው ቀን ለተቃዋሚያቸው አስረክበው የወጡ ሰው ናቸው። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ቀኖችና ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

የጋና ሁኔታ ከ1979 በፊት

ጋና ከእንግሊዝ ቅኝ አገዛዝ ነፃ የወጣችው ማርች 6 ቀን 1957 ነው። የመጀመሪያው መሪ ክዋሜ ንክሩማ ወደ ሩቅ ምሥራቅ ለጉብኝት በሄዱበት፣ ፌብሩዋሪ 24 ቀን 1966 በጦር ኃይሉና በፖሊሱ ከሥልጣን ወረዱ። በ1969 በተደረገው ምርጫ ዶክተር ኮፊ ቡሲያ የመንግሥቱን መሪነት ቢይዙም፣ ጃንዋሪ 13 ቀን 1972 ኮሎኔል አቻምፖንግ ገለበጧቸው። እንዲህ ሆኖ ነፃነት ከተገኘ ሃያ ዓመት ሳይሞላ አገሪቱ ሁለት መፈንቅለ መንግሥት አየች።

በአቻምፖንግ ዘመን የኢኮኖሚው ውድቀት እየከፋ ሄደ። በ1960ዎቹ አጋማሽ ከ500 ሺህ ቶን በላይ ይመረት የነበረው ካካዎ ከዓመት ወደ ዓመት ቀነሰ፤ የገበያ ዕቃ ጠፋ፤ የአስመጪነት ፈቃድ ለባለሥልጣናት ወዳጆች የሚታደል ስጦታ ሆነ። በዚህን ጊዜ ለተቃውሞ ቀድመው ከተነሡት ወገኖች መካከል የሙያ ማኅበራት ይገኙበታል። በ1977 የሐኪሞች፣ የጠበቆች፣ የመሐንዲሶችና የሌሎችም ባለሙያዎች ማኅበራት በአንድነት ሥራ አቁመው ጄኔራሉ ሥልጣናቸውን እንዲለቁ ጠየቁ። አቻምፖንግ በበኩላቸው ጦር ሠራዊቱ፣ ፖሊሱና ሲቪሉ ያለ ፓርቲ በጋራ የሚያስተዳድሩበት «የአንድነት መንግሥት» የተባለ ሐሳብ አቅርበው ማርች 30 ቀን 1978 ሕዝበ ውሳኔ አስደረጉ። ውጤቱን ብዙዎች አላመኑትም። በጁላይ 1978 የራሳቸው ባልደረቦች አውርደዋቸው ሌፍተናንት ጄኔራል ፍሬድ አኩፎ ተተኩ፤ አኩፎም ሥልጣኑን ለሲቪል ለማስረከብ ምርጫ ጠሩ። የሮውሊንግስ ስም የተሰማው ይህ ምርጫ በሚጠበቅበት ሰዓት ነው።

የጁን 4 ቀን አመፅ

ሮውሊንግስ ጁን 22 ቀን 1947 በአክራ ከተማ ከስኮትላንዳዊ አባትና ከኤዌ ብሔረሰብ ከሆነች እናት ተወለዱ። በታወቀው የአቺሞታ ትምህርት ቤት ተምረው አየር ኃይል ገቡ፤ የጄት አብራሪ ሆነውም እስከ ፍላይት ሌፍተናንትነት ደረሱ። ይህ ማዕርግ በምድር ጦር ከሻምበልነት ጋር የሚመጣጠን ነው።

ሜይ 15 ቀን 1979 ከጥቂት ወታደሮች ጋር ያደረጉት አመፅ ከሸፈና ለጦር ፍርድ ቤት ቀረቡ። ችሎቱ በግልጽ መካሄዱ ግን ለአለቆቻቸው ሳይበጅ ቀረ። ተከሳሹ ጥፋቱን በራሳቸው ላይ ወስደው ተከታዮቻቸው እንዲተዉላቸው መጠየቃቸው፣ በሙስና የተማረረውን ወታደርና የከተማ ሕዝብ ልብ ማረከ። ጁን 4 ቀን የበታች ወታደሮች ከእስር ቤት አውጥተው የጦር ኃይሎች አብዮታዊ ምክር ቤት ሊቀ መንበር አደረጓቸው።

ምክር ቤቱ የቆየው አራት ወር ለማይሞላ ጊዜ ቢሆንም ደም አፍስሷል። ጁን 16 ቀን አቻምፖንግ ከአንድ ሌላ ጄኔራል ጋር፣ ጁን 26 ቀን ደግሞ አኩፎና ሌላው የቀድሞ ርእሰ ብሔር አፍሪፋ ከአራት ከፍተኛ መኮንኖች ጋር በጥይት ተደበደቡ። በጠቅላላው ከተረሸኑት ስምንት መኮንኖች ሦስቱ አገሪቱን የመሩ ሰዎች ነበሩ። ፍርዱ በችኮላ የተሰጠ፣ ይግባኝም የሌለው ነበር።

ከዚህ ሁሉ መካከል የሚያስገርመው ምርጫው አለመቅረቱ ነው። የመጀመሪያው ግድያ በተፈጸመ በሁለተኛው ቀን፣ ጁን 18፣ ሕዝቡ ድምፁን ሰጠ። በጁላይ በተደረገው ሁለተኛ ዙር ዶክተር ሂላ ሊማን አሸነፉ፤ ሮውሊንግስም ሴፕቴምበር 24 ቀን 1979 ሥልጣኑን አስረከቡ። ከረሸኗቸው ጄኔራሎች በተለየ ቃላቸውን የጠበቁ መኮንን ተባሉ። ይህ ዝና በኋላ ለምርጫ ሲቀርቡ ትልቅ ሀብት ሆኗቸዋል።

ሁለተኛው መፈንቅለ መንግሥት

የሊማን መንግሥት የወረሰው ባዶ ግምጃ ቤትና የሚጠራጠረው ሠራዊት ነበር። ሮውሊንግስን ከአየር ኃይል ቢያሰናብቱም በሕዝቡ ዘንድ ያላቸውን ተሰሚነት ማሰናበት አልቻሉም። ዲሴምበር 31 ቀን 1981 ሮውሊንግስ ሥልጣኑን እንደገና ያዙ። ሕገ መንግሥቱ ታገደ፤ ፓርላማው ተበተነ፤ ፓርቲዎች ተከለከሉ፤ በምትካቸው የብሔራዊ መከላከያ ጊዜያዊ ምክር ቤት ተቋቋመ። ጊዜያዊ የተባለው ምክር ቤት ከአሥራ አንድ ዓመት በላይ ገዛ።

ከዚህ ዘመን ድርጊቶች ሁሉ በጋና የሕግ ባለሙያዎች ልብ ውስጥ የቀረው የጁን 30 ቀን 1982 ሌሊት ነው። የሰዓት እላፊ በታወጀበት በዚያ ሌሊት ሦስት የከፍተኛው ፍርድ ቤት ዳኞችና አንድ ጡረተኛ ሻለቃ ከየቤታቸው ተወስደው ተገደሉ። ዳኞቹ ወይዘሮ ሴሲሊያ ኮራንቴንግ አዶ፣ ፍሬድሪክ ፖኩ ሳርኮዲና ክዋድዎ አጊዬ አጊዬፖንግ ነበሩ። በ1979 በአብዮታዊው ምክር ቤት የተፈረደባቸውን ሰዎች ጉዳይ ተመልክተው ነፃ በማውጣታቸው ይታወቁ ነበር። ጉዳዩ ተመርምሮ የጊዜያዊው ምክር ቤት አባል የነበረ አንድ ሰው ሳይቀር ተፈርዶበት ተረሽኗል፤ ይሁን እንጂ ትእዛዙ ከየት እንደ ወጣ የተነሣው ጥርጣሬ በዚያ አልተዘጋም። የጋና ጠበቆች ማኅበር ያን ዕለት የሰማዕታት ቀን ብሎ በየዓመቱ ሲያስበው ኖሯል።

በ1983 የአገሪቱ ችግር ከጫፍ ደረሰ። ድርቅና የሰደድ እሳት እህሉንና የካካዎውን ተክል አጠፋ፤ ናይጄሪያ አንድ ሚሊዮን ያህል ጋናውያንን አባረረች፤ የዋጋ ንረቱ በዓመት ከመቶ ሃያ እጅ በላይ ሆነ። ከረሀብ የተነሣ አፍጥጦ የወጣውን የአንገት አጥንት ሕዝቡ «የሮውሊንግስ ሐብል» ብሎ ሰየመው። የካፒታሊዝምን ሥርዓት ሲያወግዝ የነበረው መንግሥት በዚያው ዓመት ከዓለም ባንክና ከዓለም አቀፉ የገንዘብ ድርጅት ጋር ተስማምቶ የኢኮኖሚ ማገገሚያ ፕሮግራም ጀመረ። ለአንድ ዶላር በ2.75 ሲዲ ተወስኖ የቆየው የምንዛሪ ዋጋ ደረጃ በደረጃ ዝቅ ተደረገ፤ ለካካዎ ገበሬ የሚከፈለው ዋጋ ከፍ አለ፤ ከመንግሥት መሥሪያ ቤት ግን ብዙ ሠራተኛ ተቀነሰ። የከተማው ደመወዝተኛ ተጎዳ፤ ገጠሩ በአንጻሩ መንገድ፣ መብራትና የተሻለ የምርት ዋጋ አየ። መኮንኑ በኋላ የሚመረጡበት ድምፅ የተዘራው በዚህ ጊዜ ነው ማለት ይቻላል።

ወደ ምርጫ የወሰደው መንገድ

ጊዜያዊው ምክር ቤት ምርጫን የጀመረው ከታች ነው። በ1988 መጨረሻና በ1989 መጀመሪያ በ110 ወረዳዎች የወረዳ ሸንጎዎች ምርጫ ተካሄደ። ከሸንጎው አባላት ሁለት ሦስተኛው በሕዝብ ሲመረጡ አንድ ሦስተኛው በመንግሥት ይሾማሉ፤ ተወዳዳሪዎች በፓርቲ ስም መቅረብ አይፈቀድላቸውም ነበር። የሮውሊንግስ ሐሳብ ይህን ፓርቲ አልባ ሥርዓት እስከ ላይ መዘርጋት እንደ ነበር ከንግግሮቻቸው መረዳት ይቻላል።

ይህን ሐሳብ ሁለት ነገሮች አፈረሱት። አንደኛው የውጭው ዓለም መለወጥ ነው፤ ከ1989 በኋላ የአንድ ፓርቲ አገዛዞች በምሥራቅ አውሮፓም በአፍሪካም ሲወድቁ፣ አበዳሪዎችም ብድርን ከፖለቲካ ነፃነት ጋር ማያያዝ ጀመሩ። ሁለተኛው የአገር ውስጥ ድምፅ ነው። የታወቁት የታሪክ ሊቅ ፕሮፌሰር አዱ ቦአሄን በ1988 በአክራ በተከታታይ በሰጡት ንግግር የጊዜያዊውን ምክር ቤት አገዛዝ በአደባባይ ነቀፉ። በፍርሃት ምክንያት ሰፍኖ የነበረው «የዝምታ ባህል» በዚያ ንግግር እንደ ተሰበረ በጋና በሰፊው ይነገራል። በ1990 የተለያየ የፖለቲካ መሥመር ያላቸው ሰዎች የነፃነትና የፍትሕ ንቅናቄን መሥርተው የፓርቲዎች እገዳ እንዲነሣ ጠየቁ።

ምክር ቤቱ በ1991 የባለሙያዎች ኮሚቴና የሕገ መንግሥት አማካሪ ጉባኤ ሰየመ። የጠበቆች ማኅበርና የተማሪዎች ኅብረት የጉባኤው አመሠራረት መንግሥትን የሚያመች ነው በማለት ወንበራቸውን ሳይወስዱ ቀሩ። ምክንያታቸው የሚያስወቅስ አልነበረም፤ ዋጋው ግን ከባድ ሆነ። በሕገ መንግሥቱ የመሸጋገሪያ ድንጋጌዎች ክፍል ቁጥር 34፣ በቀድሞዎቹ ወታደራዊ መንግሥታት ዘመን ለተፈጸሙ ድርጊቶች ማንም እንዳይጠየቅ የሚከለክል ዋስትና ገባ፤ ፓርላማውም ይህን አንቀጽ ሊያሻሽል እንደማይችል ተደነገገ። ድንጋጌው በጉባኤው በቂ ክርክር ሳይደረግበት የገባ መሆኑ ሲያከራክር ኖሯል። የዳኞቹን ደም የሚያስታውሱት ጠበቆች በዚያ አዳራሽ ውስጥ አልነበሩም።

በሌላ በኩል ግን ሰነዱ ለገዢው የማይመቹ አንቀጾችንም ይዟል። ፕሬዚዳንት ከሁለት የአራት ዓመት ዘመን በላይ እንዳይመረጥ፣ የጦር ኃይል አባል ለፓርላማም ሆነ ለፕሬዚዳንትነት እንዳይወዳደር፣ ዜጎችም ሕገ መንግሥቱን በኃይል የሚያፈርስን የመቃወም መብትና ግዴታ እንዳለባቸው ደነገገ። ኤፕሪል 28 ቀን 1992 በተደረገው ሕዝበ ውሳኔ ድምፅ ከሰጡት ከመቶ 92 ያህሉ ደገፉት፤ በሜይ ወርም የፓርቲዎች እገዳ ተነሣ።

የደንብ ልብሱ ሲወልቅ

የመንግሥቱ ደጋፊዎች ብሔራዊ ዴሞክራሲያዊ ኮንግሬስ የተባለውን ፓርቲ በዣንጥላ ምልክት አቋቋሙ። ሮውሊንግስ በሴፕቴምበር 1992 ከአየር ኃይል በጡረታ ተሰናብተው የፓርቲው ዕጩ ሆኑ። በዝሆን ምልክት የቀረበው አዲሱ አርበኞች ፓርቲ ፕሮፌሰር አዱ ቦአሄንን አጨ። የተገለበጡት ዶክተር ሊማንም ተወዳዳሪ ሆነው ቀረቡ። በሊባኖስ የተባበሩት መንግሥታት ሰላም አስከባሪ ኃይል የመጀመሪያ አዛዥ የነበሩት ሌፍተናንት ጄኔራል ኢማኑኤል ኤርስኪንም ከዕጩዎቹ አንዱ ነበሩ። ስለዚህ በዚያ ምርጫ ከጦር ሠራዊት የመጡት ዕጩዎች ሁለት ናቸው። አንደኛው ከመንግሥት ወንበር ተነሥተው የቀረቡ፣ ሌላው የማዕርግ ስማቸውን ብቻ ይዘው የቀረቡ ነበሩ። ጄኔራሉ ያገኙት ከመቶ ሁለት የማይሞላ ድምፅ ነው። የደንብ ልብስ ብቻውን መራጭን እንደማይስብ፣ የሚስበው ከልብሱ በስተጀርባ ያለው ዝናና ሥልጣን መሆኑን ይህ ንጽጽር ያሳያል።

ኖቬምበር 3 ቀን 1992 በተደረገው ምርጫ ሮውሊንግስ ከመቶ 58፣ ቦአሄን ከመቶ 30 ያህል አገኙ። በእናታቸው አገር በቮልታ ክፍለ ሀገር ሮውሊንግስ ከመቶ 90 በላይ ሲያገኙ፣ በአሻንቲ ግን ቦአሄን መሩ። ተቃዋሚዎች ውጤቱን አልተቀበሉም። ከአቤቱታዎቻቸው ዋነኛው የመራጮች መዝገብ ነበር፤ አሥራ አምስት ሚሊዮን ያህል ሕዝብ ባላት፣ ከሕዝቧም ግማሽ ያህሉ ለመምረጥ ዕድሜው ባልደረሰባት አገር ከ8 ሚሊዮን በላይ መራጭ መመዝገቡን አስተባበሉ። የመንግሥት ራዲዮ፣ ተሽከርካሪና ገንዘብ ለአንዱ ዕጩ አገልግሏል፣ በምርጫው ዋዜማም ለመንግሥት ሠራተኞች ከፍተኛ የደመወዝ ጭማሪ ተደርጓል ሲሉ ከሰሱ። የኮመንዌልዝ ታዛቢዎች በበኩላቸው ጉድለት መኖሩን ሳይክዱ ምርጫው በጠቅላላው ነፃ ነበር አሉ።

ተቃዋሚዎቹ ዲሴምበር 29 ቀን የተደረገውን የፓርላማ ምርጫ አድማ መቱበት። በዚህም ምክንያት የሮውሊንግስ ፓርቲ ከ200 መቀመጫዎች 189ኙን ያዘ። ጃንዋሪ 7 ቀን 1993 አራተኛው ሪፐብሊክ ሲታወጅ፣ ፕሬዚዳንቱ በሕዝብ የተመረጡ ይሁኑ እንጂ ፊት ለፊታቸው የተቀመጠው ምክር ቤት ተቃዋሚ የሌለበት ነበር። የመጀመሪያው ጥያቄ በዚያን ጊዜ ቢቀርብ ኖሮ፣ «አዲስ ካባ ነው» የሚለው መልስ የሚያመዝን ይመስል ነበር።

ሕጉ ሥራውን ሲጀምር

ታሪኩ ግን በዚያ አላበቃም። ፓርላማውን ትተው የወጡት ተቃዋሚዎች ወደ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሄዱ። ፍርድ ቤቱ በ1993 መጨረሻ በጥቂት ጊዜ ውስጥ ተከታታይ ታላላቅ ፍርዶችን ሰጠ። ሰላማዊ ሰልፍ ለማድረግ የፖሊስ ፈቃድ የሚያስፈልግ መሆኑን ያዘዘው ሕግ ከሕገ መንግሥቱ ጋር የሚቃረን ነው አለ። የመንግሥቱ ራዲዮና ቴሌቪዥን ለተቃዋሚዎች ተመጣጣኝ ጊዜ እንዲሰጥ ፈረደ። ከሁሉም በላይ ደግሞ፣ የዲሴምበር 31 ቀን መፈንቅለ መንግሥት በመንግሥት ገንዘብ በብሔራዊ በዓልነት እንዳይከበር በ5 ድምፅ ለ4 ወሰነ። ፕሬዚዳንቱ ሥልጣን የያዙበትን ዕለት በበዓልነት እንዳያከብሩ በአገራቸው ፍርድ ቤት ተከለከሉ። ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት ዳኞች ከየቤታቸው ተወስደው በተገደሉበት አገር አምስት ዳኞች ይህን መፈረማቸው ከምርጫው ውጤት የማይተናነስ ታሪካዊ ድርጊት ነው።

የምርጫው አሠራርም ተሻሻለ። በዶክተር ክዋድዎ አፋሪ ጂያን የሚመራው የምርጫ ኮሚሽን ከ1994 ጀምሮ ፓርቲዎችን ሁሉ በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ የሚሰበስብ አማካሪ ኮሚቴ አቋቋመ። መዝገቡ በ1995 እንደ አዲስ ተዘጋጀ፤ የፓርቲ ወኪሎች በየምዝገባ ጣቢያው ተቀመጡ፤ ውስጡ ለሁሉ የሚታይ የድምፅ መስጫ ሣጥን ገባ። በተቃራኒው በዚያው በ1995 መንግሥቱ በችኮላ የጣለው የተጨማሪ እሴት ታክስ ታላቅ ሰልፍ አስነሣና በሰልፉም የሰው ሕይወት ጠፋ፤ ታክሱ ተነሣ። መንግሥት በአደባባይ ተቃውሞ ሐሳቡን የሚለውጥበት ጊዜ እየመጣ ነበር።

ዲሴምበር 7 ቀን 1996 ሮውሊንግስ ከመቶ 57 ያህል ድምፅ አግኝተው ጆን ኩፎርን አሸነፉ፤ በፓርላማው ግን መቀመጫቸው ወደ 133 ወረደ። በዚህ ጊዜ ተሸናፊዎቹ ውጤቱን ተቀበሉ። ሁለተኛው ዘመን ሲያልቅ ሮውሊንግስ ሕገ መንግሥቱን ለማስለወጥ አልሞከሩም። ምክትላቸው ጆን አታ ሚልስ የፓርቲው ዕጩ ሆነው፣ ዲሴምበር 28 ቀን 2000 በተደረገው ሁለተኛ ዙር በኩፎር ተሸነፉ። ጃንዋሪ 7 ቀን 2001 ሥልጣኑ በሰላም ተላለፈ። ከነፃነት ወዲህ አንድ የተመረጠ መንግሥት ለሌላ የተመረጠ ተቃዋሚ መንግሥት ሲያስረክብ በጋና የመጀመሪያው ጊዜ ነበር። ሮውሊንግስ ኖቬምበር 12 ቀን 2020 እስከ ሞቱ ድረስ የአገራቸው ፖለቲካ አወዛጋቢ ድምፅ ሆነው ኖረዋል፤ በ2010ም በአፍሪካ ኅብረት የሶማሊያ ከፍተኛ ተወካይ ሆነው ተሹመዋል።

መደምደሚያ

ከዚህ ታሪክ ሦስት ነገሮች ይገኛሉ።

አንደኛ፣ ሮውሊንግስን ከሌሎች መኮንኖች የለያቸው የደንብ ልብሳቸውን ማውለቃቸው ብቻ አይደለም። ልብሱን አውልቀው የመንግሥቱን ራዲዮ፣ ገንዘብና መዝገብ በእጃቸው ይዘው ቢቀጥሉ ኖሮ በስም ብቻ የተለወጡ ይሆኑ ነበር። የለያቸው ልብሱን ካወለቁ በኋላ በራሳቸው ዘመን በወጣ ሕግ መታሰራቸው ነው። ይህም ከበጎ ፈቃዳቸው ብቻ የመጣ ሳይሆን፣ ሕጉን በየፍርድ ቤቱና በየምርጫ ጣቢያው የሚያስከብሩ ሰዎች በመገኘታቸው የመጣ ነው።

ሁለተኛ፣ አድማ የሚያስከፍለው ዋጋ አለ። የሙያ ማኅበራት በ1977 ሥራ በማቆማቸው አንድን ጄኔራል አዳክመዋል። በ1991 ከጉባኤው፣ በ1992 ከፓርላማው በመቅረት ግን ባላንጣቸውን ያለ ተከራካሪ ተዉት። ያጡትን ጥቂት በጥቂት ያስመለሱት ወደ ችሎትና ወደ ኮሚቴ ጠረጴዛ ሲመለሱ ነው።

ሦስተኛ፣ የምርጫ ሣጥን ወደፊት ይሠራል እንጂ ወደ ኋላ አይሠራም። ማን እንደሚገዛ ይወስናል፤ የተረሸኑትን ጄኔራሎችና የተገደሉትን ዳኞች ጉዳይ ግን አይፈርድም። በ2002 የተቋቋመው የብሔራዊ ዕርቅ ኮሚሽን የተበደሉትን ሰምቶ በ2004 ሪፖርቱን ቢያቀርብም፣ ክፍል ቁጥር 34 የክስን በር ዘግቶ ቆይቷል። ጋና ሰላማዊ የሥልጣን ሽግግርን ያገኘችው ፍትሕን በከፊል አሳድራ ነው። ልውውጡ ትክክል ነበርን ቢባል፣ ሥልጣን በሰላም ሲተላለፍ ያየ ጋናዊ «አዎን» ሊል ይችላል። በየዓመቱ ጁን 30 ቀን የሚሰበሰቡት ጠበቆች ደግሞ ሦስት ስሞችን ያነባሉ።